የሾተላይ መርፌ አንድ ቪያል ይበቃታል ወይ? የፅንስ ደም በእናት ደም ውስጥ ሲለካ

ጥያቄው፦ «ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ላብራቶሪ እሠራለሁ። አርኤች ኔጌቲቭ ሆና አርኤች ፖዘቲቭ ልጅ ለወለደች እናት ሁሉ 300 ማይክሮግራም አንቲ-ዲ አንድ ቪያል ይሰጣታል። በቅርቡ አንድ ሐኪም የፅንሱ ደም ምን ያህል ወደ እናትየዋ እንደገባ ለክተን እንድንነግረው ጠየቀን። የእናትየዋን ደም ለዊክ ዲ ሠርተን በማይክሮስኮፕ ስናይ ጥቂት የተያያዙ ሴሎች አገኘን፤ ይህ ይበቃል? የአሲዱን ዘዴም ሞከርን፤ ስላይዱ በሙሉ ቀይ ሆነብን። የሮዜት ኪት የለንም፣ ፍሎው ሳይቶሜትሪም የለንም። ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ምላሽ፦

የዊክ ዲው (ደካማ ዲን የሚፈልገው ምርመራ) ውጤት አይበቃም። የአሲዱ ዘዴ (የልጁን ቀይ ሴል ከእናትየዋ ሴል በአሲድ የሚለየው) ግን እናንተ ጋ ባለው ዕቃ በደንብ ይሠራል፤ ስላይዱ በሙሉ ቀይ የሆነውም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገር በአንዱ ነው፤ ወይ ባፈሩ (ስላይዱ የሚነከርበት አሲዳማ ፈሳሽ) አልሞቀም፣ ወይ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከፍ ብሏል። ሁለቱንም ከታች በዝርዝር እመጣባቸዋለሁ።

ከዚያ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አንቲ-ዲ፣ ማለትም የሾተላይ መርፌው፣ እናትየዋ በልጇ ቀይ ሴል ላይ ባለው ዲ (አርኤች ፖዘቲቭ የሚያሰኘው ምልክት) ላይ ፀረ እንግዳ አካል እንዳትሠራ የሚሰጥ ነው። የመጀመሪያውን ቪያል የምርመራ ውጤት እስኪመጣ ብለው አያስቆዩት። መርፌው ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ሰዓቱ ቢያልፍ እንኳ እስከ 10 ቀን ድረስ መስጠቱ የተወሰነ ጥቅም አለው። ላብራቶሪው እንዲመልስ የሚጠበቅበት «ከአንዱ በላይ ያስፈልጋታል ወይ? ካስፈለጋት ስንት?» የሚለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ደሙ መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ይቀዳ፣ መርፌው ይሰጥ፣ ቆጠራው ደግሞ በራሱ ጊዜ ይቀጥል።

ለምን መለካት እንዳስፈለገ በቁጥር እንየው። 300 ማይክሮግራም አንቲ-ዲ የሚሸፍነው 30 ሚሊ ሊትር ያህል የፅንስ ሙሉ ደም ነው፤ በቀይ ሴል ብቻ ሲሰላ 15 ሚሊ ሊትር ይሆናል። አብዛኞቹ ወሊዶች ላይ የሚገባው ከ4 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ስለዚህ አንዱ ቪያል ለብዙኃኑ ከበቂ በላይ ነው። ከ1000 ወሊድ በ3ቱ ያህል ግን ከ30 ሚሊ ሊትር ያልፋል። እነዚያ እናቶች «የሾተላይ መርፌ ወስጃለሁ» ብለው ተረጋግተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ሰውነታቸው ግን ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል፣ ችግሩም በሚቀጥለው እርግዝና ይታያል። እንግዴ ልጁ ያለጊዜው የተላቀቀባት፣ በእጅ የወጣላት፣ መንታ የወለደች፣ በኦፕሬሽን የወለደች፣ ሆዷን የተመታች፣ ፅንሱ በማሕፀን የሞተባት፣ ልጇ ነጥቶ የተወለደ እናት በተለይ ትጠርጠር። ነገር ግን ብዙ ደም ከገባባቸው እናቶች ብዙዎቹ ምንም የተለየ ነገር ሳይታይባቸው በሰላም የወለዱ ናቸው። ስለዚህ ምርመራውን «ለሚጠረጠሩት ብቻ» ማለት ቀዳዳ ይተዋል።

ናሙናው

ደሙ ከእናትየዋ ክንድ፣ እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ ሐምራዊ ክዳን ባለው የኢዲቲኤ ቱቦ ይቀዳ። ቶሎ ከተቀዳ የገባው ደም ገና በደንብ አልተቀላቀለም፤ በጣም ከዘገየ ደግሞ፣ በተለይ እናትየዋ ኦ ሆና ልጇ ኤ ወይም ቢ ከሆነ፣ የራሷ አንቲ-ኤ ወይም አንቲ-ቢ የፅንሱን ሴሎች ማጥፋት ይጀምራል። ያኔ የምትቆጥሩት ከገባው ያንሳል።

የእትብቱ ደም በሌላ ቱቦ ይቀዳና ለልጁ ኤቢኦና አርኤች ይሠራበት። ሁለቱን ቱቦ እዚያው አልጋው አጠገብ መለጠፍ የግድ ነው፤ ዋጋ የሚያስከፍለው ስህተት እዚህ ነው የሚፈጠረው። «የእናት» ተብሎ በመጣ ደም ላይ ከሴሎቹ አብዛኞቹ ቀይ ሆነው ከታዩ፣ እናትየዋ ግማሽ ደሟን ከልጅ ተቀበለች ማለት አይደለም፤ የእትብት ደም በእናት ስም ተለጥፏል። ቪያል ከማስላት በፊት እንደገና ያስቀዱ።

ናሙናው ከሌላ ቦታ የሚላክ ከሆነ አየሩ ይታሰብበት። ከሸዋሮቢት ቆላ ተነስቶ በደብረ ሲናና በጣርማበር አድርጎ ደብረ ብርሃን የሚደርስ ቱቦ በአንድ ጉዞ ከሙቀት ወደ ብርድ ይገባል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚይዝ የቅዝቃዜ ሳጥን ይላክ፤ ግን ቱቦው በቀጥታ የበረዶ ጥቅሉን መንካት የለበትም። በጨርቅ ወይም በወረቀት ይጠቀለል። በረዶ የነካው ደም ሄሞላይዝ ይሆናል (ቀይ ሴሎቹ ይፈነዳሉ)፤ በሄሞላይዝ ናሙና ላይ ደግሞ የፈነዳው ሴል የአሲዱ ሥራ ይሁን የጉዞው አይለይም።

የዊክ ዲው ነገር

ሐሳቡ ከሩቅ ሲታይ ደህና ይመስላል። እናትየዋ ዲ የላትም፣ ልጇ አለው፤ ስለዚህ በኩምብስ (ሴል ላይ የተለጠፈ ፀረ እንግዳ አካልን በሚያሳይ ምርመራ) ደረጃ ተሠርቶ በማይክሮስኮፕ ጥቂት የተያያዙ ሴሎች ከታዩ የልጁ ናቸው። ድሮ በዚሁ ይሠራ ነበር። ችግሩ ጥቂት ሴሎችን የመያዝ አቅሙ ደካማ መሆኑ ነው፤ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የገባውን እንኳ የሚያመልጥበት ጊዜ አለ፣ አንባቢውም ከአንባቢ ይለያያል። በዚያ ላይ ያያችኋቸው ሴሎች ሁለት ነገር ሊሆኑ ይችላሉ፤ የልጁ ሴሎች፣ ወይም የእናትየዋ የራሷ ደካማ ዲ። ስለዚህ «ኔጌቲቭ» የሚለው ውጤት አያረጋጋም፣ «ፖዘቲቭ» የሚለውም መጠን አይናገርም። ለመለኪያነት ይተዉት። ያያችሁት ነገር ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ያቺ እናት ደሟ በአሲዱ ዘዴ ይታይላት።

ሮዜት፣ ኪት ካገኙ

ሮዜት ማጣሪያ ነው፤ «አለ» ወይም «የለም» ይላል እንጂ አይለካም። 10 ሚሊ ሊትር ያህል የፅንስ ሙሉ ደም ከገባ ይይዛል፤ ስለዚህ ኔጌቲቭ ከሆነ አንድ ቪያል ይበቃል ብሎ መዝጋት ይቻላል። በሳላይን የተበተነ የእናትየዋ የታጠበ ሴል ላይ አይጂጂ የተባለው ዓይነት አንቲ-ዲ ይጨመራል፣ በ37 ዲግሪ ይቀመጣል፤ አንቲ-ዲው የሚያገኘው የልጁን ሴል ብቻ ስለሆነ እሱ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ቢያንስ አራት ጊዜ በሳላይን በደንብ ይታጠባል፣ በጣም የቀጠነ ዲ ፖዘቲቭ አመልካች ሴል ይጨመርና ሴንትሪፊውጅ ይደረጋል። አመልካቾቹ በልጁ ሴል ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ አደይ አበባን በትንሹ እንደማየት ነው።

የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ እጥበቱ ነው። ያልተያዘ አንቲ-ዲ ከቀረ አመልካች ሴሎቹ እርስ በርሳቸው ይያያዙና ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ይሰጣል። ጥቂት ሮዜት በኔጌቲቭም ላይ ሊታይ ይችላል፤ ስንቱ እንደሚፈቀድ አመልካቹ በኤንዛይም የተሠራ መሆን አለመሆኑ ስለሚወስነው የኪቱን ወረቀት ያንብቡ፣ የሌላ ኪት ቁጥር አይዋሱ። ሮዜቱ ፊልዱን ሁሉ ከሸፈነ እናትየዋ ደካማ ዲ ናት ብለው ይጠርጥሩ፤ ዳይሬክት ኩምብሷ ፖዘቲቭ የሆነ እናትም እንዲሁ ታሳስታለች። በሌላ በኩል ልጁ ራሱ ደካማ ዲ ከሆነ ምርመራው በሐሰት ኔጌቲቭ ይሆናል። እነዚህ ሦስቱ ላይ ሮዜትን ትተው በቀጥታ ወደ አሲዱ ይሂዱ።

ሮዜትን ከእጃችሁ ባለ ሪኤጀንት ልሥራው ብለው አይድከሙ። ለደም ዓይነት የምንጠቀምበት የተለመደው አይጂኤም አንቲ-ዲ ለዚህ አይሆንም፤ አመልካቹ ሴልም ዲ በብዛት የተሸከመ፣ ፌኖታይፑ የታወቀ ቢሆን ይመረጣል። ጉልበታችሁን ለአሲዱ ዘዴ አቆዩት።

የአሲዱ ዘዴ

ይህን ዘዴ ክላይሃወር፣ ብራውንና ቤትኬ እ.ኤ.አ. በ1957 አወጡት፤ እስካሁን ውድ መሣሪያ በሌለበት ሁሉ የሚሠራበት ነው። የፅንስ ሄሞግሎቢን አሲድን ይቋቋማል፤ የአዋቂው አይቋቋምም። ስስ ስሚር ፒኤቹ 3.2 እስከ 3.3 በሆነ የሞቀ ባፈር ውስጥ ሲነከር የእናትየዋ ሄሞግሎቢን ከሴሉ ወጥቶ ይሄዳል፣ ባዶ ቅርፊቱ ይቀራል፤ የልጁ ሴል ግን እንደተሞላ ይቆይና ቀለም ይይዛል።

ባፈሩን ለማዘጋጀት ሁለት መፍትሔ (ሶሉሽን) ይሠራል። «ሀ»፦ 2.1 ግራም ሲትሪክ አሲድ ሞኖሃይድሬት በ100 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ። «ለ»፦ ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት በ100 ሚሊ ሊትር። የዚህኛው ክብደት ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ውሃ መጠን ይለያያል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ውሃ አልባው ከሆነ 2.84 ግራም፣ ዳይሃይድሬት ከሆነ 3.56፣ ሄፕታሃይድሬት 5.36፣ ዶዴካሃይድሬት 7.16 ግራም ነው። ዶዴካሃይድሬት ይዞ 2.84 ግራም የመዘነ ሰው ፎስፌቱ ያንሰዋል፣ ፒኤቹ ይወርዳል፣ የልጁም ሴል ባዶ ይሆናል፤ ውጤቱ ሁሌ «ኔጌቲቭ» ይመጣል። ውሃ አልባውን ይዞ 7.16 የመዘነ ደግሞ ፒኤቹ ይወጣበታል፣ የእናትየዋም ሴል አይፈታም፣ ስላይዱ በሙሉ ይቀላል። ስለዚህ የእናንተን ጠርሙስ አሁኑኑ አንስተው ጽሑፉን ያንብቡት።

ከዚያ 75 ሚሊ ሊትር «ሀ» እና 25 ሚሊ ሊትር «ለ» ይቀላቀላል። ለአንድ ኮፕሊን ጃር (ስላይድ ቆሞ የሚነከርበት ዕቃ) 37.5 እና 12.5 በቂ ነው። ፒኤቹ በሜትር ይለካ፤ ሜትሩ በዚያው ቀን በፒኤች 4 እና 7 መፍትሔ የተስተካከለ ይሁን። የወረቀት መለኪያ 3.2ን ከ3.6 አይለይም፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከፍ ካለ ጥቂት «ሀ»፣ ዝቅ ካለ ጥቂት «ለ» እየጨመሩ ያስተካክሉ። ሁለቱ መፍትሔዎች ለየብቻ በማቀዝቀዣ ይቆያሉ፤ ሲትሪኩ ላይ ነጭ ክር የመሰለ ሻጋታ ከታየ ይደፋ። የተቀላቀለው ግን ለዚያ ቀን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ብርዱ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መሐል ሜዳም፣ አንኮበርም ደጋ ናቸው። ጠዋት ከመደርደሪያ የወረደ ባፈር 37 ዲግሪ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ወተር ባዝ ውስጥ መቆየት አለበት። የወተር ባዙ ማሳያ 37 ቢልም ኮፕሊን ጃሩ ውስጥ ያለው ገና 25 ሊሆን ይችላል፤ ቴርሞሜትሩን ጃሩ ውስጥ ይክተቱት። አምስት ቀዝቃዛ ስላይድ አንድ ላይ መክተትም ባፈሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ሁለት ሁለት አድርገው ይክተቱ፣ ስላይዶቹንም አስቀድመው ኢንኩቤተር ላይ ለብ ያድርጓቸው። ቀዝቃዛ ባፈር ሄሞግሎቢኑን በደንብ አያወጣም። ስላይዱ በሙሉ ቀይ ከሆነና ፒኤቹ ትክክል ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደሙ በእኩል መጠን ሳላይን ይቀጥንና ስስ ስሚር ይሳብ፤ ወፍራም ስሚር ውስጥ አሲዱ አይገባም። በአየር በደንብ ይድረቅ። በክረምት፣ ጉምና እርጥበት ሲበዛ፣ ስሚር ቀስ ብሎ ሲደርቅ ሴሎቹ ይኮማተራሉና ማራገቢያ ፊት ያድርጉት። ከደረቀ በኋላ ሳይዘገይ በ80% ኤታኖል 5 ደቂቃ ፊክስ ይደረግ። ለእጅና ለቆዳ የምንጠቀምበት 70 ፐርሰንቱ አልኮል ለዚህ አይሆንም፤ 96% ካላችሁ 83 ሚሊ ሊትሩን በውሃ 100 ሙሉት። ከዚያ በውሃ ታጥቦ ይድረቅ። ቀጥሎ በሞቀው ባፈር ውስጥ ይነከራል። ዘዴዎች ከ5 እስከ 11 ደቂቃ ይላሉ፤ በ5 ይጀምሩ፣ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ስላይዱን ወደ ላይና ወደ ታች በቀስታ ያንቀሳቅሱት፤ ኮንትሮሎቹ ካልተለያዩ ጊዜውን በአንድ አንድ ደቂቃ ያርዝሙ። ለእናንተ ክፍል የሠራውን ጊዜ ይጻፉና ከዚያ አይለዋውጡት። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ሄማቶክሲሊን 3 ደቂቃ፣ እጥበት፣ ኢኦሲን 3 እስከ 4 ደቂቃ፣ እጥበት፣ ማድረቅ።

በማይክሮስኮፕ ሲታይ የእናትየዋ ሴሎች ከጠረጴዛ ላይ የተነሣ እርጥብ ብርጭቆ ትቶት የሚሄደውን ክብ ምልክት ይመስላሉ፤ ጠርዙ ብቻ ይታያል፣ መሐሉ ባዶ ነው። የልጁ ሴል ነጭ ነጠላ ላይ እንደወደቀ ቀይ ጨሌ በሩቁ ያበራል፣ ትንሽም ይገዝፋል። ሄማቶክሲሊኑ ነጭ የደም ሴሎችን ኒውክለሳቸውን በሰማያዊ ስለሚያሳይ ከፅንስ ሴል ጋር አይምታቱም። ባዶ ሴሎቹ አልታይ ካሉ የኮንደንሰሩን ብርሃን ይቀንሱ፤ ካልታዩ አይቆጠሩም፣ ካልተቆጠሩ ደግሞ ፐርሰንቱ ያለ አግባብ ያብጣል።

ኮንትሮል ሳይኖር አይሠራ። ይህን ደጋግሜ የምለው የአሲዱ ዘዴ ሲበላሽም ውጤት የሚመስል ነገር ስለሚሰጥ ነው። ኔጌቲቭ ኮንትሮል የአዋቂ ወንድ ደም ይሁን። ፖዘቲቩን ከእትብት ደምና ከአዋቂ ደም ይሥሩ፤ ሁለቱም ኦ ቢሆኑ ይመረጣል፣ አለበለዚያ እርስ በርስ ሊያያዙ ይችላሉ። ሁለቱንም አጥበው በእኩል ውፍረት በሳላይን ይበትኑ። 100 ማይክሮሊትር የእትብቱን ከ900 የአዋቂው ጋር ይቀላቅሉ፤ ይህ 10% ነው። ከዚህ 60 ማይክሮሊትር ወስደው ከ940 የአዋቂው ጋር ሲቀላቅሉ 0.6% ይሆናል፤ አንድ ቪያል የሚሸፍነው ጫፍ፣ 30 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ከ2000 ሴል 12 ያህል ቀይ ይጠበቃል። ከ6 እስከ 19 ባለው ውስጥ ካረፈ በዕድል የሚመጣ ልዩነት ነው፤ ከዚያ ከወጣ ቆጠራው ወይም ማቅጠኑ ይመርመር። 10 ፐርሰንቱም ዓይንን ለማስለመድ ጥሩ ነው። አሁን ጥያቄው የቀይ ስላይድ ስለሆነ ይህንን ልጨምር፦ የወንዱ ኮንትሮልም ቀይ ከሆነ ጥፋቱ ባፈሩ ነው፤ የወንዱ ባዶ ሆኖ የእናትየዋ ብቻ ቀይ ከሆነ ናሙናው ይመርመር። የእትብቱ ኮንትሮልም ባዶ ከሆነ ፒኤቹ ወርዷል ወይም ጊዜው ረዝሟል።

ቆጠራና ስሌት

በ40 ኦብጀክቲቭ ሴሎቹ በማይደራረቡበት ቦታ ላይ ቢያንስ 2000 ሴል ይቆጠር። አንድ ፊልድ ውስጥ 100 ያህል ባዶ ሴል ካለ 20 ፊልድ ነው። ዝም ብሎ «ጥቂት ታየ» ማለት ለሐኪሙ ምንም አይጠቅመውም።

የፅንስ ሴል ፐርሰንት በ50 ሲባዛ የገባውን ሙሉ ደም በሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ የእናትየዋ ደም 5000 ሚሊ ሊትር ተብሎ ስለተገመተ ነው። ቀጥሎ በ30 ይካፈላል። ከነጥብ በኋላ ያለው 5 ወይም በላይ ከሆነ ወደ ላይ ይጠጋጋል፣ ከ5 በታች ከሆነ ወደ ታች፤ በሁለቱም ላይ አንድ ቪያል ይጨመራል። ለምሳሌ ከ2000 ሴል 4 ቀይ ቢገኝ 0.2% ነው፣ 10 ሚሊ ሊትር፣ በ30 ሲካፈል 0.33፤ ዜሮ ይሆንና አንድ ሲጨመር አንድ ቪያል። 6 ቢገኝ 0.3%፣ 15 ሚሊ ሊትር፣ 0.5፤ አንድ ሆኖ አንድ ሲጨመር ሁለት ቪያል። 26 ቢገኝ 1.3%፣ 65 ሚሊ ሊትር፣ 2.17፤ ሦስት ቪያል። በፊት የተሰጠው ቪያል ከዚህ ይቀነሳል።

«15 ሚሊ ሊትር በአንድ ቪያል ይሸፈናል፣ ለምን ሁለት?» የሚል ሐኪም አይጠፋም። መልሱ በቆጠራው ውስጥ ነው። 6 ሴል ያየ ሰው እውነተኛው ቁጥር ከ2 እስከ 13 ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል፤ በ13 ሲሰላ ደግሞ 32 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። የሚጨመረው ቪያል የዚህ ስህተት ሽፋን ነው። ሌላም አለ፤ 5000 ሚሊ ሊትር የሚለው ግምት ለቀጭን እናት ይበዛል፣ እሱ አይጎዳትም፤ ለከባድ እናት ግን ያንሳልና ክብደቷን ለሐኪሙ አብረው ይጻፉለት።

ቪያሉ 300 ካልሆነ ስሌቱ ይለወጣል። 1 ማይክሮግራም 5 ኢንተርናሽናል ዩኒት ነው፤ 1500 ዩኒት የተጻፈበት 300 ማይክሮግራም ማለት ነው። በዚህ ስሌት ለ1 ሚሊ ሊትር ሙሉ ደም 10 ማይክሮግራም ይደርሳል፤ 250 ማይክሮግራም የሆነ ቪያል የሚሸፍነው 25 ሚሊ ሊትር ነውና በ30 ፈንታ በ25 ያካፍሉ። በጡንቻ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ5 ቪያል በላይ አይሰጥ፤ የቀረው ለማግስቱ ይተላለፋል። በደም ሥር የሚሰጠው ለዚያ ተብሎ የተሠራው ብቻ ነው።

የሚያሳስቱ ነገሮች

የአሲዱ ዘዴ የሚያየው የፅንስ ሄሞግሎቢንን እንጂ ፅንስን አይደለም። አንዳንድ አዋቂ ሰውም ይህ ሄሞግሎቢን አለበት፤ በዘር የሚቆይባቸው፣ የታላሴሚያና የሲክል ባሕርይ ያላቸው። እርግዝና ራሱም በተወሰኑ ሴቶች ላይ ከፍ ያደርገዋል። የእነዚህ ሴሎች ቀለም አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛ ነው፤ ሙሉ ቀይም አይደሉም ባዶም አይደሉም፣ ከፈዛዛ እስከ ደማቅ ደረጃ በደረጃ ይሄዳሉ። የፅንስ ሴል ግን ከጎረቤቱ ቁልጭ ብሎ ይለያል። መካከለኛ ሴል የበዛበት ስላይድ ሲያጋጥምዎ ቁጥር ብቻ አይላኩ፤ «መካከለኛ ቀለም ያላቸው ሴሎች በዝተዋል፣ ውጤቱ ከእውነቱ ሊበልጥ ይችላል» ብለው ይጻፉ። ከወሊድ በፊት የተቀዳ ደም ማቀዝቀዣ ውስጥ ካለ ጎን ለጎን ይሥሩት፤ መካከለኛዎቹ እዚያም ካሉ የእናትየዋ የራሷ ናቸው።

ፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴልን አንድ በአንድ በመሣሪያ የሚያነብ ዘዴ) በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴሎችን ስለሚያነብ ከእጅ ቆጠራ ይበልጣል፤ በአንቲ-ዲ ሲሠራም የእናትየዋን የራሷን የፅንስ ሄሞግሎቢን ያስቀራል። ወደ ትልቅ ማዕከል የሚላክ ናሙና ካለ እነዚህ አጠራጣሪዎቹ ይላኩ እንጂ ሁሉም አይላክ።

ሌላው ግራ የሚያጋባው የአፕት ምርመራ ነው፤ ሰው አልፎ አልፎ ከዚህ ጋር ያምታታዋል። እሱ ልጁ ያስታወከው ወይም የተጸዳዳው ደም የራሱ ይሁን ከእናቱ የዋጠው ለመለየት በ1% ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሚሠራ ነው፤ ሮዝ ሆኖ ከቆየ የልጁ፣ ወደ ቢጫ ቡናማ ከዞረ የእናት። በእናት ደም ውስጥ የተበተኑ ጥቂት የፅንስ ሴሎችን ለመቁጠር አይሆንም።

የአሲዱ ዘዴ ለአርኤች ፖዘቲቭ እናትም ይሠራል፤ ልጇ ያለ ምክንያት ነጥቶ ከተወለደ ወይም ሆዷ ውስጥ ከሞተ ደሙ ወዴት እንደሄደ ያሳያል። ሮዜት ለእርሷ አይሆንም፤ የራሷ ሴሎች ሁሉ ዲ ስላላቸው።

ከአንድ ቪያል በላይ የተሰጣት እናት

ተጨማሪው ከተሰጠ በኋላ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በጡንቻ ከተሰጣት በ72 ሰዓት፣ በደም ሥር ከተሰጣት በ48 ሰዓት እንደገና ደሟ ይቀዳና የአሲዱ ዘዴ ይደገም። የፅንስ ሴል ከጠፋና በሴረሟ ውስጥ አንቲ-ዲ ከተገኘ ተሸፍናለች። ሴሎቹ ካሉ እንደገና ይሰላል፣ ይጨመራል። ያ አንቲ-ዲ ግን በመርፌ የገባ ነው፤ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል በካርዷ ላይ መርፌው የተሰጠበት ቀንና መጠን በግልጽ ይጻፍ። አለበለዚያ የሚቀጥለው ላብራቶሪ ኢንዳይሬክት ኩምብሷን ፖዘቲቭ አግኝቶ «ሾተላይ ይዟታል» ይላታል።

የውጤት ወረቀቱ ላይ ሁልጊዜ እነዚህ ይኑሩ፦ ደሙ የተቀዳበት ሰዓትና ከወሊድ በኋላ ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ከመርፌው በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ የተቆጠረው ሴል ብዛት፣ ፐርሰንቱ፣ ሚሊ ሊትሩ፣ ኮንትሮሎቹ መሥራታቸው። የቪያሉን ቁጥር እናንተ አስሉለት፣ ትእዛዙን ሐኪሙ ይስጥ።

እናቶች በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ቤት ስለሚሄዱ ቆጠራው እርሷ ሳትወጣ ይለቅ። መንዝ ወይም መርሐቤቴ ገጠር የገባችን እናት «ሁለት ቪያል ቀርቶሻል» ብሎ በ72 ሰዓት ውስጥ መመለስ ከባድ ነው። ማታ የወለደችው ጠዋት ዙር ከመጀመሩ በፊት ስሚሯ ፊክስ ተደርጎ ይጠብቅ፤ ባፈሩን ለማሞቅ የሚያስፈልገውን ግማሽ ሰዓት የማታ ተረኛው ቢያስቀድመው፣ በ3 ሰዓት ሐኪሙ አልጋዋ አጠገብ ሲደርስ ውጤቱ ቻርቷ ላይ ይሆናል።